ባዬ ያሻገራቸው ሰዎች

ጋሼ ባዬን የምናውቀው በሁለት ድምፅ ነበር። ማለዳ በጡሩንባው፣ ረፋድ ላይ በገዛ ጉሮሮው። ጡሩንባው ከተሰማ ከእድራችን አንድ ሰው አርፏል ማለት ነውና የሰማ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። ረፋድ ላይ ግን ያው ሰውዬ ጆንያውን አንጠልጥሎ፣ ያችን ረጅም መርፌውን ኮፍያው ላይ ሰክቶ፣ «ፍራሽ አዳሽ! የተጎረበጠ፣ የተቀዳደደ፣ ጎን የሚወጋ!» እያለ ይመጣል። ያኔ ሴቱ እየሳቀ ደጅ ይወጣል።

«ጋሼ ባዬ፣ ዛሬ ማንን ልትወስድ መጣህ?»

«ዛሬስ ፍራሽ ብቻ ነው የምወስደው። እሱንም ማታ እመልሳለሁ።»

ይህን የምጽፈው እሱን የሚያስታውስ ሰው እያለቀ ስለሄደ ነው። እኔ የተማርኩት መሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የእድር መዝገብ ስጽፍ ኖርኩ እንጂ ሌላ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ቀኑን ብሳሳት ይቅር በሉኝ። ሰውዬውን ግን አልሳሳትም።

አዋሳ ያኔ ትንሽ ነበረች። አዋሳ ነበር የምንላት፣ ሀዋሳ የመጣው በኋላ ነው። ከፒያሳ ጋሪ ተሳፍሮ ወደ ታቦር ተራራ ግርጌ ለመጣ ሰው ከተማው የሚያልቀው እኛ ሰፈር ላይ ነበር። ሰፈራችንን ቦይ ለሁለት ይከፍለዋል። ከተራራው የሚወርደውን ዝናብ ወደ ሐይቁ የሚያወርድ ቦይ ነው፤ በጋ ላይ ፍየል የሚግጥበት፣ ክረምት ላይ ሰው የሚወስድ። ከቦዩ ወዲህ፣ በከተማው በኩል፣ ሃያ ሦስት ቤቶችና አንድ ትልቅ ዋርካ ነበሩ። ከቦዩ ወዲያ ደግሞ ሰማንያ ስድስት ቤቶች። እኛ ቦይ ማዶ እንባላለን። እኔም፣ ጋሼ ባዬም ማዶዎች ነበርን። በቦዩ ላይ ሁለት ግንድ ተጋድሞ ነበር፤ መሻገሪያው እሱ ነው። እድራችን ግን የሁለቱም ማዶ ነበር፤ አንድ ድንኳን፣ አንድ መዝገብ፣ አንድ ጡሩንባ።

ሚስቱ ከሞተች በኋላ ጋሼ ባዬ ብቻውን ነበር። ልጅ አልነበራቸውም። «እኔ ስሞት ጡሩንባውን ማን ሊነፋ ነው?» ይል ነበር አንዳንዴ፤ እንደ ቀልድ ነበር የሚለው።

ነገሩ የተጀመረው በ1976 ዓ.ም. በግንቦት ልደታ ነው፤ አገሩ ሁሉ ሕዝብና ቤት በተቆጠረበት ዓመት። ልደታን መቼም ቤት ውስጥ ሆኖ የሚያከብር የለም፤ ደጅ ነው የሚከበረው። የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ ቀቅለን፣ ዳቦ ደፍተን፣ ሁለቱም ማዶ ከዋርካው ሥር እንሰበሰብ ነበር። ዋርካው ያለው ወዲህ ማዶ ስለሆነ እኛ ማዶዎቹ ቤታችንን ዘግተን፣ ሕፃን አዝለን፣ ሽማግሌ ደግፈን፣ በግንዱ ላይ ተሻግረን መጣን። ማዶ የቀሩት ሰባት ቤቶች ብቻ ናቸው፤ እነ ኩማ። እነሱ ጴንጤዎች ነበሩ፣ ልደታ አያከብሩም፣ የእኛም እድር ውስጥ አልነበሩም፤ የራሳቸው መረዳጃ ነበራቸው።

እኛ ንፍሯችንን ይዘን ገና ከመቀመጣችን አንድ ቀጭን ወጣት ሰሌዳ ታቅፎ፣ ጫማው ጭቃ ጠግቦ መጣ። ሕዝብ ቆጣሪ ነው።

«የዚህ ሰፈር ሰው የት ሄዶ ነው? በሩ ሁሉ ዝግ ነው» አለ።

«የት እንሄዳለን? ሁላችንም እዚሁ ነን» አለው ጋሼ ባዬ። «ምን በየደጁ ያንከራትትሃል የኔ ልጅ፣ ቁጭ በል። ንፍሮ ስጡት!»

«ይሄ ሁሉ ሰው የዚህ ሰፈር ሰው ነው?»

«አንድም እንግዳ የለም።»

እውነቱን ነው፣ እንግዳ አልነበረም። ቆጣሪው ግን የተላከው ከቦዩ ወዲህ ላሉት ሃያ ሦስት ቤቶች ብቻ እንደነበረ፣ ለማዶው ሌላ ቆጣሪ እንደተመደበ እኛ በምን እናውቃለን? እሱም ልጅ ነው፣ ደክሞታል። ይሄን ያህል ሕዝብ በአንድ ጥላ ሥር ማግኘቱን እንደ ዕድል ነው የቆጠረው።

ጋሼ ባዬ ይሄኔ ወደ እኔ ዞረ። «ጥሩወርቅ፣ መዝገቡን አምጪው እስቲ! በወጉ እንቆጠር።»

የእድሩን መዝገብ አመጣሁ። በእድራችን የቤቱ አባወራ ብቻ ሳይሆን ሚስት፣ ልጅ፣ አማት፣ ያለ ሰው ሁሉ ነው የሚመዘገበው፤ ያልተመዘገበ ሰው ድንኳን አይተከልለትም። እኔ ስሙን አነባለሁ፣ ጋሼ ባዬ በዚያ ድምፁ ይጣራል፣ የተጠራው ቤተሰቡን አስከትሎ ቆጣሪው ፊት ይቀርባል። ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ ሁሉንም ይመልሳል። ቆጣሪው ጽፎ ሲጨርስ እኔ በቀይ እርሳስ ከስሙ ጎን ጭረት አደርጋለሁ። ልጆች ሳይቀሩ ስማቸው ሲጠራ «አቤት!» እያሉ ዘለሉ። አሥር ሰዓት ሲሆን ተጨረሰ።

«እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ሰፈር አይቼ አላውቅም» አለ ልጁ ሲሄድ።

ጋሼ ባዬ ለሳምንት ኮራ። በማግስቱ አንዲት ልጅ ሰሌዳ ይዛ ቦይ ማዶ ስትመጣ ያገኘችው እሱን ነው። «ተቆጥረናል! አንድ ሰው ሳይቀር ተቆጥረናል፣ ድካምሽን ያቅልልሽ» ብሎ ሸኛት። በሄደችበት ቤት ሁሉ ሰዉ ይሄንኑ ነበር የሚደግምላት። አልተቆጠርንም ያሏት እነ ኩማ ብቻ ነበሩ፤ እነሱን ጽፋ ሄደች። ከዚያ ረሳነው። ያ ዓመት የሚረሳ ዓመት አልነበረም፣ ከሰሜን የሚመጣው የድርቅ ወሬ ሌላውን ሁሉ አስረስቶን ነበር።

ሦስት ዓመት አለፈ። በ1979 ጥር ላይ ሕገ መንግሥቱ ጸደቀ ተባለ፣ ቀጥሎም የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ይመጣል ተባለ። አገሩ በሕዝብ ብዛት እየተከፈለ፣ ለእያንዳንዱ የምርጫ ክልል አንድ ወንበር ይሰጣል። አሁን ሰው ስለዚያ ምርጫ ስናወራ ይስቅብናል፤ «ማን ሊያስመርጣችሁ፣ ሁሉም ያለቀ ነበር» ይላል። ይሆናል። እኔ ፖለቲካ አላውቅም። እኛ ግን የሺ ነበረችን።

የሺ ጤና ረዳት ነበረች፣ ቤቷ ቦይ ማዶ፣ ከእኔ ሦስት ቤት ዝቅ ብሎ። ቦዩ ሞልቶ ግንዱን በወሰደ ጊዜ ገመድ ወገቧ ላይ አስራ ተሻግራ ሴት ያዋለደች ናት። የጋሼ ባዬን ሚስት እስከ መጨረሻዋ ቀን እየተመላለሰች ያጠበችም እሷው ናት። የውሃ ቦኖ ይግባልን ብላ ያልሄደችበት ቢሮ አልነበረም። እንግዲህ በየማኅበሩ ዕጩ አስቡበት ሲባል የሁለቱም ማዶ ሴቶች አንድ ሆነን «የሺ» አልን። ጋሼ ባዬም ፍራሽ በሚያድስበት ቤት ሁሉ ስሟን ሲያነሳ ከረመ።

መጋቢት ላይ ቀበሌ አዳራሽ ተሰበሰብንና የክልሉ ወሰን ተነበበልን። የሚያነበው ሰው ያለ ስሜት ነበር የሚያነበው። «የከተማው የምርጫ ክልል ወሰን ከታቦር ግርጌ የሚወርደውን ቦይ ይዞ ይሄዳል። ከቦዩ ማዶ የሚገኙት ሠላሳ ስምንት ነዋሪዎች በአጎራባቹ የገጠር የምርጫ ክልል ተጠቃለዋል።»

አዳራሹ ሳቀ። ሠላሳ ስምንት! እዚያው አዳራሽ ውስጥ ብቻ ከሠላሳ ስምንት በላይ ማዶዎች ተቀምጠን ነበር። ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ። ሰው ቀስ እያለ ገባው። የገጠሩ ድምፅ መስጫ ከእኛ ሰፈር በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ የገበሬ ማኅበር አዳራሽ ነው። የሺ ማዶ ስለምትኖር በከተማው ክልል አትጠቆምም፤ ገጠር ደግሞ የሚያውቃት የለም። ዕጩዎች የሚጠቆሙበት ቀን ሊደርስ የቀረው አንድ ወር ነበር።

ስንወጣ ኩማ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ ነበር፣ ረጅም፣ ሲቀልድ እንኳ ፊቱ የማይፈታ።

«ጋሼ ባዬ፣ ሰምተሃል? በመንግሥት ወረቀት ላይ ቦይ ማዶ ያለነው እኛ ሰባት ቤቶች ብቻ ነን። እናንተ የላችሁም። ከዛሬ ጀምሮ ስታልፉ አስፈቅዱን።»

ሰው ሳቀ። ጋሼ ባዬ አልሳቀም። ኮፍያውን አውልቆ መርፌዋን በጣቱ ሲያሽከረክር ቆየ። ሠላሳ ስምንት፣ ሰባት ቤት፣ ልደታ። ፊቱ ላይ ሲገባው አየሁት።

«ጥሩወርቅ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ያን ዕለት ከዋርካው ሥር ነው ያስቆጠርኳችሁ።»

«አዎ።»

«ዋርካው ወዲህ ማዶ ነው። ወዲህ ማዶ ነው የተጻፋችሁት። ለዚያች ልጅ ደግሞ ተቆጥረናል ብዬ የመለስኳት እኔ ነኝ።» ኮፍያውን አጠለቀ። «እኔ ነኝ ያሻገርኳችሁ። እኔው እመልሳችኋለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ፒያሳ አጠገብ ወዳለው ወሰኑን ወደሚያወጣው ቢሮ ሄደ። ዘበኛው ሽበሺ ይባላል፣ የድሮ ወታደር ነው፤ ጋሼ ባዬን በጡሩንባው ያውቀዋል።

«ምን ልትል መጣህ? እዚህ የሞተ ሰው የለም» አለው።

«አራት መቶ ሃምሳ ሰው ጠፍቶብኝ ነው። ኃላፊውን ጥራልኝ።»

«ሂድ ወዲያ! ቀጠሮ አለህ?»

አልነበረውም። እስከ ምሳ ሰዓት በር ላይ ተቀመጠ። ማክሰኞም ሄደ፣ ረቡዕም ሄደ። ሐሙስ ሽበሺ ራሱ ተሰላቸና «ምናለ አንድ ቀን እንኳ ብታርፍ፣ እኔ አንተን ሳይ ጎኔን ያመኛል» አለው። ጋሼ ባዬ የዘበኛውን ማረፊያ አጮልቆ አየ። ፍራሹ መሐሉ ተሰርጉዶ ገንዳ መስሏል። ጎኑን የሚያመው እኔን አይቶ አይደለም አለ በልቡ። መርፌውን ከኮፍያው አወጣ፣ ፍራሹን እዚያው ቅጥሩ ውስጥ ፈታው፣ ጥጡን በዘንግ እየመታ ሲያፍታታ ቢሮው ሁሉ በአቧራ ተሞላ። ሠራተኛው በመስኮት ብቅ ብቅ አለ። በዚህ መሐል ነው ኃላፊው እያስነጠሰ የወጣው። ጓድ ግዛቸው ይባላል፣ ከአዲስ አበባ የተላከ፣ መነጽር ያደረገ፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የዘበኛዎ ፍራሽ ነው ጓድ» አለው ጋሼ ባዬ። «አቧራው እስኪበርድ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

ይህን ሁሉ የነገረን ሽበሺ ነው፤ በኋላ እድራችን ገብቶ ስንት ጊዜ አስቆናል። ጓድ ግዛቸው ሰውዬው እንዲሄድለት ብሎ ቢሮ አስገባው። ካርታውን ዘረጋለት።

«አባት፣ ነገሩ ቀላል ነው። ወንበር የሚሰጠው በሰው ቁጥር ነው። በቆጠራው መሠረት ከቦዩ ማዶ ያለው ሠላሳ ስምንት ሰው ነው። ለሠላሳ ስምንት ሰው ብዬ ወሰን አላጣምምም። የከተማው በኩል ደግሞ ሞልቷል። ይኸው፣ ቦዩ ዳር ያሉት ሃያ ሦስት ቤቶች ብቻ አምስት መቶ ሰማንያ ሰባት ሰው አለባቸው።»

ጋሼ ባዬ ማንበብ አይችልም፤ ቁጥር ግን ማንም አይበልጠውም።

«ስንት አሉኝ?»

«አምስት መቶ ሰማንያ ሰባት።»

«ጓድ፣ እኔ ፍራሽ አዳሽ ነኝ። እነዚያ ሃያ ሦስት ቤቶች ውስጥ ያለውን ፍራሽ አንድ በአንድ ፈትቼ ሰፍቼዋለሁ። አርባ አንድ ፍራሽ ነው። አምስት መቶ ሰማንያ ሰባት ሰው በአርባ አንድ ፍራሽ ላይ? ቆመው ነው የሚያድሩት?»

ጓድ ግዛቸው ወረቀቱን እንደገና አየ። ሰውዬው የተናገረውን በልቡ ሲያካፍል ነበር፣ በአንድ ቤት ሃያ አምስት ሰው ይደርሳል። ቢሆንም ቶሎ አልተረታም።

«ቁጥር መለወጥ የእኔ ሥልጣን አይደለም።»

«ቁጥሩን አይንኩብኝ! ቁጥሩ ልክ ነው፤ ስጣራ ውዬ ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። ልክ ያልሆነው ቦታው ነው።» ከዚያ ልደታውን፣ ዋርካውን፣ ንፍሮውን ነገረው። «ይመልከቱልኝ እንግዲህ። የከተማው ወንበር ሲሰላ የእኛ ጭንቅላት ተቆጥሮ ነው። ድምፅ ስጡ ሲባል ግን ገጠር ሂዱ እንባላለን። ጭንቅላታችን እዚህ፣ እግራችን እዚያ?»

«ማስረጃ አለዎት?»

«መጥተው ይዩ።»

«ወረቀቱ ሰኞ አዲስ አበባ ይላካል። ዛሬ ሐሙስ ነው።»

«ቅዳሜ ይምጡ።»

«ካልመጣሁስ?»

«የሌሎቹም ዘበኞች ፍራሽ አለ» አለው ጋሼ ባዬ።

ዓርብ ዕለት በየቤቱ ዞረ። ጡሩንባውን አልያዘም፤ ሰው ልቅሶ መስሎት እንዳይወጣ። በየበሩ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ነገ ማንም ሰው ከገዛ ደጁ እንዳይነቃነቅ። ሁሉም በየበሩ ይቁም። ወዲህ ማዶም ወዲያ ማዶም።»

«ጋሼ ባዬ፣ ነገ እኮ ገበያ ነው!»

«ቲማቲሙ ሰኞም ይገኛል።»

«ሰው ቢሞትስ?»

«ነገ ሊሞት ያሰበ እሑድን ይጠብቅ። እኔ እንደሆንኩ ቅዳሜ አልነፋም።»

ወደ እኔም መጣ። «ያንን መዝገብ አቆይተሽዋል? የዚያን ዓመቱን?»

አቆይቼዋለሁ። መዝገብ አልጥልም እኔ። ሳጥኑ ውስጥ ከድንኳኑ ገመድ ሥር ነበረ፣ ጠርዙን አይጥ ቀምሶታል፣ ቀዩ ጭረት ግን እንዳለ ነው። ልጆቹን ካበላሁ በኋላ ጭረቱን ልቆጥር ሞከርኩ፤ መቶ ላይ ስደርስ ቁጥሩ ጠፋብኝና ተውኩት። ብዙ ነገር ነበር የታሰበኝ። ካልተስተካከለስ?

ቅዳሜ ጓድ ግዛቸው መጣ። ላንድሮቨሩ ዋርካው ጋ ቆመ። እስካሁን ዓይኔ ላይ ያለው ያ ጠዋት ነው፤ ያንን የመሰለ ዝምታ በሰፈራችን አይቼ አላውቅም። ማንም አልተሰበሰበም። ወዲህ ማዶ በሃያ ሦስቱ በሮች ላይ ሰው ቆሟል፤ በዚህ ሦስት፣ በዚያ ስድስት። ጓድ ግዛቸው እየቆጠረ አለፈ። ግንዱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጋሼ ባዬ እጁን ዘርግቶ አሻገረው።

ማዶ ሲደርስ ቀና ብሎ አየ። እስከ ባሕር ዛፉ ተራ ድረስ፣ በሰማንያ ስድስት በሮች ላይ ሰው። ሕፃን የታቀፉ፣ ምርኩዝ የያዙ፣ በርጩማ ላይ የተቀመጡ። እነ ኩማ እንኳ በሰባቱ ደጃፍ ላይ ቆመዋል።

«እኔ ከሠላሳ ስምንቱ ነኝ» አለው ኩማ፣ ፊቱ ሳይፈታ። «እነዚህ ሌሎቹን ግን አላውቃቸውም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከጎኔ የሚጮሁት እነማን እንደሆኑ እኔም ሲገርመኝ ነበር።»

ጓድ ግዛቸው ፈገግ አለ። ቢሆንም ሥራውን አልረሳም። «ዛሬ እዚህ መቆማቸው በዚያን ዓመት የት እንደተቆጠሩ አያሳይም» አለ። «ከሌላ ሰፈር የመጡ ቢሆኑስ? ሌላ ቦታ ተቆጥረው ቢሆንስ?»

ጋሼ ባዬ ወደ እኔ አየ። መዝገቡን ይዤ ቀረብኩ። ጋሼ ባዬ ደግሞ ገባ ብሎ የራሱን ፍራሽ አወጣና ደጁ ላይ ዘረጋው፤ ጠረጴዛ የለውም። መዝገቡን በፍራሹ ላይ ከፈትነው። ጓድ ግዛቸው ተንበረከከ፣ መነጽሩን አስተካክሎ ቀዩን ጭረት መቁጠር ጀመረ። አንዴ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ።

«አምስት መቶ ሰማንያ ሰባት» አለ።

ጋሼ ባዬ ዓይኑን ጨፈነ።

«ግን ቆይ» አለ ጓድ ግዛቸው። የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ እኔ በእጄ የጻፍኩትን የዓመቱን ድምር አየ። «እዚህ ላይ የእድርተኛው ድምር አምስት መቶ ሰማንያ ስምንት ይላል። አንድ ሰው ጭረት የለውም። ይሄ ለምን ሆነ?»

የሳትኩት እኔ መሰለኝ። ገጹን ወደ ኋላ ገለጠ፣ ጣቱን በስሞቹ ላይ እያወረደ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ፤ አንድ ስም ላይ ቆመ። ጭረት የለውም።

«ባዬ ወልደ ሰንበት። ማን ነው ይሄ?»

ከዚያ ከአንዱ ደጅ አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት፣ ቀጥሎ ሌላዋ፣ ከዚያ ሳቁ ከደጅ ደጅ እየዘለለ ቦዩን ተሻገረ። ጋሼ ባዬ ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል።

«አባት» አለው ጓድ ግዛቸው፣ «እርስዎ ታዲያ የት ነበሩ?»

«እኔማ...» አለ ጋሼ ባዬ፣ «እኔማ እየተጣራሁ ነበር።»

ለካ ሁሉን ሲጠራ የእሱን ስም የጠራ አልነበረም። እኔም ስሙ ላይ ስደርስ አጠገቤ ስለቆመ «እሱማ እዚሁ አለ» ብዬ አልፌዋለሁ፤ የሚጣራውን ማን ይጥራው ብዬ መች አሰብኩ! ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ «እሱስ?» የሚል ከቤቱ ማን ይምጣለት?

ጓድ ግዛቸው ሳቁን ሲጨርስ ፊቱ ተለወጠ። «ይህ መዝገብ ለእኔ ተብሎ ትናንት የተጻፈ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ይሆኑ ነበር» አለ። «አንድ ያጎደለ መዝገብ ነው ያመንኩት።» ካርታውን በፍራሹ ላይ ዘረጋ። በቦዩ ላይ የነበረውን መስመር በላጲስ ፈቀፈቀ፤ ፍራሹ እየተሰረጎደ አስቸገረው፣ ጋሼ ባዬ በሁለት እጁ ወጥሮ ያዘለት። ከዚያ አዲሱን መስመር ከባሕር ዛፉ ተራ ወዲያ አሰመረው። «ቁጥሩ እንዳለ ነው። ወሰኑ ብቻ ነው ሰዎቹ ወዳሉበት የሚሄደው። እጽፋለሁ። የሚያጸድቁት ሌሎች ናቸው፣ ግን እጽፋለሁ።»

ጻፈ። ሰኞ ወረቀቱ ከአዲሱ መስመር ጋር ሄደ። ጋሼ ባዬ ከዚያ በኋላም አልተቀመጠም፤ በየሁለት ቀኑ ቢሮው በር ላይ ይገኛል። ሽበሺ «አሁንስ ፍራሼ ደህና ነው፣ ምን ትሠራለህ?» ሲለው «መልሱን ነው» ይላል። የሰፈሩ ሰው ተስፋ ቆርጦ ነበር፣ እኔም ጭምር። ልክ ዕጩ ጥቆማው አራት ቀን ሲቀረው ማስታወቂያው ቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ። እኔ ነኝ ጮክ ብዬ ያነበብኩት። «... ከቦዩ ማዶ ያለው ሰፈር በከተማው የምርጫ ክልል ...» ከዚህ በላይ አላስነበቡኝም። እልልታው ዋጠኝ።

የሺ ተጠቆመች። ከሦስቱ ዕጩዎች አንዷ ሆነች፤ ብቸኛዋ ሴት። ሰኔ ላይ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረበት ቀን፣ ድምፅ ሰጠን። ጋሼ ባዬ ጠዋት ግንዱ ላይ ቆሞ አሮጊቱን ሁሉ በእጁ እየያዘ አሻገረ። «አሁንስ በደንብ ተሻገሩ» ይላል፣ «ስትጨርሱ ግን ወደየቤታችሁ!»

የሺ አላለፈችም። ሁለተኛ ወጣች። ያለፈው ሰውዬ ማን እንደሆነ ብትጠይቁኝ እንኳ ስሙ አይመጣልኝም። ሴቶቹ አለቀስን። ጋሼ ባዬ በማግስቱ ረፋድ ላይ ጆንያውን አንጠልጥሎ፣ «ፍራሽ አዳሽ!» እያለ መጣና በቀጥታ የሺ ቤት ገባ።

«ፍራሽሽን አውጪ» አላት።

«ደህና ነው እኮ ጋሼ ባዬ።»

«የተሸነፈ ሰው ጎን ቶሎ ይደነዝዛል። አውጪ። ደህና ተኝተሽ ተነሺና ስለ ቦኖው እንሄዳለን። የከተማው ሰዎች ነን፣ አሁን እንቢ አይሉንም።»

ሄዱም። ሦስት ወር ተመላለሱ። ቦኖው በሁለተኛው ዓመት ገባ፣ ከግንዱ ራስ ላይ፣ ለሁለቱም ማዶ። ዛሬ በቦዩ ላይ የሲሚንቶ ድልድይ ነው፣ ባጃጁ ሲያልፍበት ዋርካው የቱ ጋ እንደነበር የሚጠይቅ የለም። እኔ ሳልፍ ብቻ ዓይኔ ይፈልገዋል።

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደገና ሕዝብ ቆጠራ መጣ። ጋሼ ባዬ አርጅቶ ነበር፣ ጡሩንባውን ለሌላ ሰው አስረክቧል። የቆጠራው ቀን ማለዳ ተነስቶ በርጩማውን ደጁ ላይ አስቀመጠና ተቀመጠበት። ቁርስ ና ብለው አልሄደም። ዝናብ ሲያካፋ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ እንጂ አልተነሳም። ቆጣሪዋ ከሰዓት በኋላ ደረሰች፤ እኔ ውሃ ልሰጠው ሄጄ አጠገቡ ቆሜያለሁ።

«የቤቱ ኃላፊ ማን ነው?»

«እኔ። ባዬ ወልደ ሰንበት።»

«ቤተሰቡ ስንት ነው አባባ?»

«አንድ። አንድ ብለሽ ጻፊ፣ አድምቀሽ። ባለፈው ጊዜ ተዘልያለሁ።»

«ውይ! ማን ዘለለዎት?»

«እኔው» አላት፣ እርሳሷን እየተመለከተ፤ ጽፋ እስክትጨርስም ከበርጩማው አልተነሳም።